የቤት ውስጥ ቪዲዮ ሲቆራረጥ ኢንተርኔቱ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ አንድ ጠያቂ «ቤት ካለው ሰርቨር የሰርግ ቪዲዮ በፎር ኬ ስከፍት በየደቂቃው ቀጥ ይልብኛል፤ ምን ላድርግ?» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ «የኢንተርኔት ጥቅልዎን ያሳድጉ» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። ዓምደኛው በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም። ምክሩ ግን ጠያቂውን በየወሩ ተጨማሪ ብር አስከፍሎ ቪዲዮውን እዚያው የሚያቆም ነው። ሳሎን ያለ ቴሌቪዥን መኝታ ቤት ካለ ሰርቨር፣ ማለትም ቪዲዮዎቹን ከያዘው ኮምፒውተር፣ ፋይል ሲያነብ ዳታው ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ከግቢ አጥር አይወጣም። ከውጭ የሚገባው መስመር 10 ሜጋቢት ሆነ 100፣ እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ራውተሩን ሳያጠፉ ከፋይበሩ ሳጥን የሚመጣውን ገመድ ይንቀሉና ያንኑ ቪዲዮ ያጫውቱ። ሳጥኑና ራውተሩ አንድ ዕቃ ከሆኑ አረንጓዴ ጫፍ ያለውን ቀጭን ገመድ ቀስ ብለው ይንቀሉ፤ ጫፉን በጣት አይንኩ፣ ወደ ዓይንም አያስጠጉ። ኢንተርኔት ሳይኖርም እንደ በፊቱ ከተቆራረጠ ኢንተርኔቱ ከጥፋት ነጻ ነው። ጄሊፊን የሚባለውን ነጻ የቤት ቪዲዮ ሰርቨር ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ምንም አይገጥማቸውም። መሰሉ ፕሌክስ ግን ወደ አካውንት ለመግባት ኢንተርኔት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቪዲዮውን ከፍተው ከጀመሩ በኋላ ቢነቅሉ ይሻላል።

መቆራረጥ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ቪዲዮው አንድ ሁለት ደቂቃ ደህና ሄዶ ቀጥ ካለ፣ መሐል ላይ ክቧ ከተሽከረከረች፣ ከዚያ እንደገና ከቀጠለ፣ ዳታው በበቂ ፍጥነት እየደረሰ አይደለምና ጥርጣሬው ኔትወርኩ ላይ ይሁን። ገና ከመከፈቱ ጀምሮ እየተጎተተ ከሄደና የሰርቨሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ካጓራ፣ ሰርቨሩ ቪዲዮውን እየፈታ እንደ አዲስ እየጠቀለለው ነው። ድምፁ ሳይቆረጥ፣ ክቧም ሳትመጣ፣ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ሥዕሉ ኮረኮንች ላይ እንዳለ መኪና ከተንገጫገጨ ደግሞ ነገሩ ከፍጥነት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ሦስቱን ሳይለዩ ራውተር የቀየረ ሰው ብዙ ነው።

ኔትወርክ ከመንካት በፊት የፋይሉን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል። ፎር ኬ የሚለው ስም የሥዕሉን ስፋት ነው የሚናገረው፤ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚፈስ የሚናገረው ቢትሬቱ ነው። የፋይሉን መጠን በሜጋባይት ይያዙ፣ በ8 ያባዙ፣ ቪዲዮው ስንት ሰከንድ እንደሚረዝም ቆጥረው ያካፍሉት። የ2 ሰዓት ፊልም 50 ጊጋባይት ከሆነ በሰከንድ ወደ 55 ሜጋቢት ይመጣል። አይፎን በፎር ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ሲቀርጽ በደቂቃ 400 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ይህ 53 ሜጋቢት ነው። በ30 ፍሬም ከሆነ 170 ሜጋባይት ያህል፣ ማለትም 23 ሜጋቢት። የሰርግ ካሜራዎች በፎር ኬ በ100 ሜጋቢት መቅረጻቸው የተለመደ ነው፤ የ3 ሰዓት ቀረጻ ሳይነካ ከተሰጠ 135 ጊጋባይት ይሆናል። የፎር ኬ ብሉሬይ ዲስክ ጣሪያም ከ100 ሜጋቢት በላይ ነው።

ኔትፍሊክስ ለፎር ኬ የሚጠይቀው ግን 15 ሜጋቢት ብቻ ነው። «ከውጭ የሚመጣው ያለ እንከን እየሄደ እቤቴ ያለው ይቆራረጣል» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው፤ የቤቱ ፋይል ከ4 እስከ 8 እጥፍ ሊከብድ ይችላል። ያ የተሰላው ቁጥርም አማካይ መሆኑን አይርሱ። አማካዩ 60 የሆነ ፋይል እስክስታው ሲደራና አበባው ሲበተን ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ሙሽሮቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ደህና የነበረው ቪዲዮ ጭፈራው ላይ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ፤ የአብዛኛው ስማርት ቴሌቪዥን የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ፣ የውዱም ጭምር፣ የሚሠራው በ100 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር የሚያሳልፈው 94 ገደማ ነው። ጊጋቢት ራውተርና ጥሩ ገመድ ገዝቶ ሁሉንም ያሰካካ ሰው ጭፈራው ላይ እዚያው 94ቷ ጋ ይጋጫል። በገመድ የሚቆራረጠው ቪዲዮ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ደህና ሲሄድ ሰው የሚገረመው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱን መተው የማይፈልግ ከዩኤስቢ ወደ ጊጋቢት የሚቀይር አስማሚ መሞከር ይችላል፤ ተራው የቴሌቪዥን ዩኤስቢ እንኳ 300 ሜጋቢት ያህል ያሳልፋል። ሁሉም ቴሌቪዥን ግን አስማሚውን አይቀበልምና ከመግዛት በፊት ተውሶ መሞከር ይበጃል። ጊጋቢት መሰኪያ ያለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሳጥን አምጥቶ ቴሌቪዥኑን ለማሳያ ብቻ መጠቀምም አንድ መፍትሔ ነው።

ገመዱ ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተጠምዘዋል። 100 ሜጋቢት የሚሄደው በአራቱ ብቻ ነው፤ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። እንግዲህ አንዷ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ሽቦ ጃኩ (የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ውስጥ ሳትነካ ከቀረች ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ አይጠፋም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ 100 ይወርዳል። ስልክ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይሠራል፣ ማንም አይጠረጥርም። ይህን ለመያዝ ሰርቨሩ ላይ የኔትወርኩን ሁኔታ ከፍቶ የተጻፈውን ማየት ይበቃል፤ 1000 መሆን ሲገባው 100 ካለ ገመዱን ወይም ጃኩን ይጠርጥሩ።

ጃክ ሲመታ የላይኛው ሽፋን 2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ይላጣል፤ ቅደም ተከተሉ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ከዚያ ሽቦዎቹ እኩል ይቆረጡና ስምንቱም የጃኩ ግንባር ላይ መድረሳቸው በፊት ለፊት ይታያል። ጥምዝምዙ ከ13 ሚሊሜትር በላይ መፈታት የለበትም። የላይኛው ሽፋን ጃኩ ውስጥ ገብቶ በመቆንጠጫው መያዝ አለበት፤ እሱ ውጭ ከቀረ ቴሌቪዥኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሸክሙ ቀጫጭኖቹ ላይ ያርፍና አንድ ቀን አንዷ ትበጠሳለች። ገመድ ሲገዙም የአንዷን ሽቦ ጫፍ በቢላዋ ፋቅ ያድርጓት። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት። ፋቅ ሲደረግ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ ይሰበራል፣ ሲመታም አጥብቆ አይያዝም። ዋጋው ለምን እንደረከሰ ያን ጊዜ ይገባዎታል።

ከገመዱ ቀጥሎ መለካት ነው። አይፐርፍ 3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሰርቨሩ ላይ ተቀባይ ሆኖ ይከፈታል፣ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ላኪ ሆኖ። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ባለበት ቦታ አስቀምጠው፣ ዳታው እንደ ቪዲዮው ከሰርቨሩ ወደ ስልኩ እንዲሄድ አቅጣጫውን የሚገለብጠውን «-R» ጨምረው፣ ለ60 ሰከንድ ይለኩ። እንደ ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ስለሆነ ውጤቱ ለሱ ይቀርባል። ደህና ጊጋቢት ገመድ 940 ገደማ ያሳያል፣ ወደ 100 የወረደው 94። የሚወጣው ቁጥር የፋይሉን አማካይ ቢትሬት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ካልሆነ መቆራረጡ አይቀርም። የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ገጾች እዚህ ላይ አይጠቅሙም፤ የሚለኩት ሌላ መንገድ ነው።

በዋይፋይ በኩል ትልቁ ጥፋት ሰርቨሩንም ቴሌቪዥኑንም በዋይፋይ ማገናኘት ነው። እያንዳንዱ ቢት አየሩን ሁለቴ ይሻገራልና ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። አንድ ገመድ ብቻ ካለዎት ሰርቨሩን በእሱ ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፤ ቴሌቪዥኑ በ5 ጊጋኸርዝ ይቅር። 2.4 ጊጋኸርዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንድ አንቴና ያለው መሣሪያ በወረቀት 72 ሜጋቢት ይባልለታል፣ በተግባር ከግማሹ ብዙም አያልፍም፣ በዚያ ላይ የጎረቤት ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ይጮኻል። ሁለቱ ሞገዶች በአንድ ስም ሲጠሩ ቴሌቪዥኑ 2.4 ላይ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል የተለያየ ስም ይስጧቸው። ኮንክሪት ግድግዳ፣ ትልቅ መስተዋት፣ ቆርቆሮና ውኃ የሞላ ሮቶ የ5 ጊጋኸርዝን ጉልበት ይሰብራሉ። ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከሸክላ ጀርባ ደብቆ «ሲግናሉ ደካማ ነው» ማለትም አለ። ዋይፋይ ማራዘሚያ የሚባሉት ትንንሽ ዕቃዎች በአንድ ሞገድ ተቀብለው በዚያው የሚልኩ ከሆነ እነሱም ፍጥነቱን ይገምሳሉ።

ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ሰርቨሩ ካጓራ ጉዳዩ ትራንስኮዲንግ ነው። ቴሌቪዥኑ የማይገባውን ፋይል ሰርቨሩ በዚያው ቅጽበት ወደሚገባው ይቀይርለታል፤ ፎር ኬን እንዲህ መቀየር ለደካማ ኮምፒውተር የማይቻል ሸክም ነው። ጄሊፊን ላይ ቪዲዮው እየሄደ ሳለ የአስተዳዳሪውን ገጽ ከከፈቱ በቀጥታ እየተጫወተ ይሁን እየተቀየረ፣ ለምን እንደተቀየረም ጭምር ይጽፍልዎታል። ያችን አንድ መስመር ማንበብ የሳምንት ግምት ያድናል። ደጋግሞ የሚገኘው ጥፋተኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው። ከብሉሬይ የመጣ ፒጂኤስ የሚባለው የግርጌ ጽሑፍ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ስለሆነ፣ ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ሰርቨሩ ቪዲዮውን ፈትቶ ጽሑፉን ላዩ ላይ አትሞ እንደገና ይጠቀልለዋል። የግርጌ ጽሑፉን ሲያጠፉ መቆራረጡ ከጠፋ፣ በፊደል በሚጻፈው በኤስአርቲ ይተኩት። ቪዲዮውን በድር ማሰሻ መክፈትም ለዚህ ይዳርጋል፤ የቴሌቪዥኑን የራሱን መተግበሪያ ይጠቀሙ። መተግበሪያው ውስጥ የጥራት ገደቡ በሜጋቢት ዝቅ ተደርጎ ከሆነም ሰርቨሩ ለማሳነስ ሲል ይቀይራል፤ ወደ ከፍተኛው ይመልሱት። ድምፅ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ ለምሳሌ ቴሌቪዥኑ ዲቲኤስ የሚባለውን የድምፅ ዓይነት የማያውቅ ከሆነ፣ ሸክሙ ቀላል ነው፤ እሱን ይለፉት።

መቀየሩ ግድ ከሆነ በኮምፒውተሩ ዋና ማቀነባበሪያ ጉልበት ሳይሆን ውስጡ ባለው የቪዲዮ ክፍል ይሁን። ኤች 265 የሚባለውን የቪዲዮ አጠቃለል ባለ 10 ቢት (ቀለሙ የረቀቀ) ሲሆን ለመፍታት፣ ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ኩዊክ ሲንክ የሚባለው የቪዲዮ ክፍል ይችላል፤ 6ኛው ትውልድ ባለ 8 ቢቱን ብቻ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ለሰርቨር ሲገዙ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። ጄሊፊን ይህን በነጻ ያበራል፤ ፕሌክስ የሚከፈልበትን አባልነት ይጠይቃል።

ጠያቂው የሰርግ ቪዲዮ ስላሉ አንድ ነገር ሰፋ አድርጎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ኩዊክ ሲንክም ብዙ ጊዜ የማያድነው ጉዳይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጡ ካሜራዎች በኤች 264፣ በ10 ቢት፣ 4:2:2 በሚባል የቀለም አያያዝ ይቀርጻሉ። ለቀለም አርታዒው ጥሩ ነው። አብዛኛው ቴሌቪዥን ግን የሚያውቀው 4:2:0 ብቻ ስለሆነ ጥቁር ስክሪን ላይ ድምፅ ብቻ ያሰማል ወይም ፋይሉን አልቀበልም ይላል። ሰርቨሩ ሊረዳው ሲሞክር አብዛኛው የቪዲዮ ክፍልም ይህን ዓይነት ፋይል መፍታት ስለማይችል ሥራው ሁሉ ማቀነባበሪያው ላይ ይወድቃል። በሶኒ ካሜራዎች ኢንትራ በሚባለው አቀራረጽ ፎር ኬ በ25 ፍሬም 250 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ይህ የካሜራ ጥሬ ዕቃ እንጂ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ፋይል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ፋይል አንድ ጊዜ ቀይሮ ማስቀመጥ ነው። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኤች 265 ይምረጡ፤ የጥራት ቁጥሩ በ20 እና በ22 መካከል ይሁን፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱና ክብደቱ ይጨምራል። የፍሬሙ ቁጥር እንደ ምንጩ ይቅር፣ ቋሚ የሚለው ምልክት ይደረግበት። ድምፁ ኤኤሲ፣ መያዣው ኤምፒ 4 ይሁን፤ ለድር የተመቻቸ የምትለዋን ሳጥን ምልክት ካደረጉባት ፋይሉ ቶሎ ይከፈታል። በደካማ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ግማሽ የደረሰው ፋይል አይቀጥልምና ረጅሙን ቀረጻ በክፍል በክፍል አድርገው ይቀይሩ፣ ቅልቅሉ ለብቻ፣ መልሱ ለብቻ። መጀመሪያ የ1 ደቂቃ ቁራጭ ቀይረው ቴሌቪዥኑ ላይ ይሞክሩ። ዋናውን ፋይል አይሰርዙ።

ስለ መንገጫገጩ። አገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ ቪዲዮው ላይ እንዳይርገበገብ ቀራጮች በ25 ወይም በ50 ፍሬም ይቀርጻሉ፤ ልክም ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ሳጥን ግን ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ሥዕል እንዲያሳይ፣ ተስተካክሎ ይመጣል። 60 ለ25 ሲካፈል 2.4 ነው፤ ግማሽ ፍሬም ማሳየት ስለማይቻል አንዱ ፍሬም 2 ጊዜ፣ ሌላው 3 ጊዜ ይታያል። ካሜራው በሰርገኛው ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ዓይን የሚይዘው ያን መዛነፍ ነው። ኮዲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ የማሳያውን ድግግሞሽ ከቪዲዮው ጋር አስማማ የሚለውን ያብሩ፤ አፕል ቲቪና ብዙ አንድሮይድ ሳጥኖችም ይህን ይዘዋል። ከሌለ ሳጥኑን በእጅ ወደ 50 ኸርዝ ይቀይሩት። በ60 ፍሬም የተቀረጸ የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ወደ 60 ካልተመለሰ እሱም በተራው ይንገጫገጫል።

ሃርድ ዲስክ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ጤነኛ ውጫዊ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ይህ 800 ሜጋቢት ነው። ተኝቶ ከነበረ ለመንቃት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ መነሻው ላይ ብቻ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በዚያችው ደቂቃ ቀጥ የሚል ከሆነ ግን ዲስኩ መሞት ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይገልብጡት። ራስበሪ ፓይ 3 ቢ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር (ቢ ፕላስ ያልሆነችውን) ለሰርቨርነት የያዘ ሰው የሱም መሰኪያ 100 ሜጋቢት መሆኑን ይወቅ፤ ፓይ 4 ጊጋቢት አለው፣ ግን የ3 አምፔር ቻርጀር ይፈልጋል፤ በስልክ ቻርጀር ሲሠራ ኤሌክትሪኩ አንሶት ዲስኩን ከነቪዲዮው ይጥለዋል።

የዓምደኛው ምክር የሚሠራበት ቦታም አለ። ሰርቨሩ ሜሪላንድ ልጆቹ ቤት ሆኖ ወላጆች አዲስ አበባ ሆነው ሲያዩ ያኔ ኢንተርኔቱ መንገዱ ነው፤ ዋናው ጥያቄም ሰርቨሩ ካለበት ቤት ወደ ውጭ የሚልከው ፍጥነት ነው። ለዚህ በ1080 ጥራት ከ4 እስከ 5 ሜጋቢት የሆነ ቅጂ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል። ቤት ውስጥም ሆኖ ይህ ችግር ሊመስል የሚችልበት አንድ ሁኔታ አለ። የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተር ላይ ሌላ ራውተር ተጨምሮ የቴሌቪዥኑ አድራሻ በ192.168.1፣ የሰርቨሩ በ192.168.100 ከጀመረ ፕሌክስ ሁለቱን የተለያዩ ቤቶች አድርጎ ያያቸውና በራሱ ማቀባበያ በኩል በ1 ወይም በ2 ሜጋቢት ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለተኛውን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ ዕቃ፣ መቀየር ይፈታዋል።

ቪዲዮ ቤቶችንም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጠይቅ። ለደንበኛ ሁለት ቅጂ ይስጡ፤ ዋናውን በሃርድ ዲስክ፣ የቴሌቪዥኑን ቅጂ በኤች 265፣ በ4:2:0፣ ከ30 ሜጋቢት ባልበለጠ ልክ በፍላሽ። የፍላሹ ፎርማት ኤግዝፋት ይሁን፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ሰርጉም ከአምስት ቦታ ተቆራርጦ ይገባል። ከመረከብ በፊት ደንበኛው ፊት ጭፈራው ያለበትን ክፍል ተራ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ማሳየት 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ከአክባሪያችሁ
የቤት ኔትወርክ ዘርጊዎች፣ አዲስ አበባ